የምን ዛፍ ነው? የማን ዛፍ ነው?

ከሰል ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ጥያቄውን ያውቀዋል፦ «የምን ዛፍ ነው?» የግራር ከሆነ ፍሙ ይቆያል፤ አንዴ ከተያያዘ ከአቦል እስከ በረካ ሳይጨመርበት ያደርሳል። የባሕር ዛፍ ከሆነ ቶሎ ይነድና ቶሎ አመድ ይሆናል። እናቴ የሻጭ ቃል አታምንም። ከማዳበሪያው ሁለት ስባሪ ታወጣና ታጋጫቸዋለች። እንደ ሸክላ ካቃጨለ ትገዛለች፤ ዱብ ካለ «ይሄማ ያልበሰለ ነው» ብላ ትመልሰዋለች።

አንድ ቅዳሜ አብሬያት ሄጄ ሻጯን ሌላ ጥያቄ ጠየቅኳት።

«እትዬ፣ ግን የማን ዛፍ ነው?»

ሳቀች። «የእግዜር ነዋ! የማን ሊሆን ኖሯል?»

እናቴም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ መልሱ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ምክንያቱም ሴትየዋ ልክ ናት። የዚያ ማዳበሪያ ዋጋ ውስጥ ምን ምን እንዳለ ቁጠሩት። እንጨቱን የቆረጠው፣ አፈር አልብሶ ቀናት ሙሉ ጭስ እየበላ የጠበቀው ሰው ጉልበት አለ። የማዳበሪያው ዋጋ አለ። የመኪናው ነዳጅ አለ። ኬላ ላይ «ለሻይ» የተባለው አለ። የአከፋፋዩ ትርፍ፣ የሻጯ ትርፍ አለ። ዛፉ ብቻ የለም። በባህላዊው አከሳሰል አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከአምስት እስከ አስር ኪሎ እንጨት ይቃጠላል። ለዚያ ሁሉ እንጨት ግን ብዙውን ጊዜ አምስት ሳንቲም የተቀበለ ሰው የለም። የእግዜር ነዋ።

ይህ መልስ ሰፈር ውስጥ ያስቃል። ዛፉ ከድንበር ማዶ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ጎረቤታሞች የሆኑ ድሃ አገሮች የባዮኢነርጂ የጋራ ገበያ ይመሥርቱ የሚል ሐሳብ በየስብሰባው ይነሳል። ባዮኢነርጂ የሚለው ቃል አያስፈራችሁ፤ ፍልጥም፣ ከሰልም፣ ኩበትም፣ ከስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ የሚወጣው ኢታኖልም፣ ከጉሎ ዘይት የሚሠራ ናፍጣም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ስብሰባው ላይ ገበያው ገና እንደሚመጣ ነገር ተደርጎ ይወራል፦ ይገንባ፣ ይስፋፋ፣ ኢንቨስተር ይሳብ። እውነቱን ለመናገር ገበያው ድሮ ተገንብቷል። በሌሊት፣ በአይሱዙ፣ ያለ ደረሰኝ ይሠራል። ስለዚህ የሚያሳስበኝ እንዴት ይገንባ የሚለው አይደለም። የሚያሳስበኝ እዚህ ቤቴ እንዳይቆረጥ የከለከልኩትን ዛፍ ከጎረቤቴ መግዛት ይገባኛል ወይ የሚለው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

*

በየካቲት 2018 ኬንያ በመንግሥትና በማኅበረሰብ ደኖቿ ውስጥ እንጨት መቁረጥ ከለከለች። ምክንያቱ ከበቂ በላይ ነበር። ወንዞቿ እየደረቁ ነበር፤ ማው፣ አበርዴር፣ የኬንያ ተራራ የመሳሰሉት ደኖች ደግሞ የአገሪቱ የውኃ ማማዎች ናቸው። ክልከላው ለሦስት ወር ተብሎ ተጀምሮ እየተራዘመ አምስት ዓመት ዘለቀ።

ናይሮቢ ግን በእነዚያ አምስት ዓመታት ሻይ ማፍላት አላቆመችም። ኡጋሊ መገንፋቱ አልቀረም፤ ሥጋ ጠባሹም መጥበሻውን አላጠፋም። ከሰሉ ከየት መጣ? ከራሷ ከኬንያ ደረቅ መሬቶች ከመጣው ሌላ፣ ከታንዛኒያና ከኡጋንዳ ድንበር ተሻግሮ መጣ።

ወደ ሰሜን ኡጋንዳ እንሂድ፤ ወደ አቾሊ ምድር። እዚያ ሁለት አሥርት ዓመት የሚጠጋ ጦርነት ነበር። ጦርነቱ በከፋበት ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው ቀዬውን ለቅቆ በመጠለያ ጣቢያ ተፋፍጎ ይኖር ነበር። ሰው በሌለበት ምድር ዛፉ አደገ። ሰዉ ሲመለስ ቤቱ ፈርሶ፣ ከብቱ አልቆ፣ ዛፉ ግን ቆሞ ጠበቀው። ከእነዚያ ዛፎች አንዱ ሺያ ነው። በከተማ የመዋቢያ መደርደሪያ ላይ «ሺያ በተር» ተብሎ የምታዩት ቅባት ከፍሬው ነው የሚወጣው፤ ለአቾሊ ሴቶች ግን የወጥ ዘይትም፣ የልጅ ገላ ቅባትም፣ የኪስ ገንዘብም ነው። ዛፉ በደንብ እስኪያፈራ አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ይፈጃል። መጥፎ ዕድሉ እንጨቱ ጠንካራ መሆኑ ነው። ጠንካራ እንጨት ጥሩ ከሰል ይወጣዋል። እናቴ ብታጋጨው እንደ ሸክላ ያቃጭላል።

በግንቦት 2023 ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ በሰሜን ኡጋንዳ ለንግድ የሚሆን ከሰል ማክሰልን የሚከለክል ትእዛዝ አወጡ። ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ደግሞ የኬንያው ፕሬዚዳንት ሩቶ በአገራቸው የነበረውን የእንጨት ቆረጣ ክልከላ ማንሳታቸውን አስታወቁ። ሁለቱ ውሳኔዎች በምክክር የተያያዙ ናቸው እያልኩ አይደለም። ግን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩአቸው። አንደኛው በር ሲዘጋ ሌላኛው ይከፈታል፤ መጥረቢያው ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል። ማሰሮው በዚህ ሁሉ መሃል ለአንድ ቀን እንኳ አልበረደም።

የኬንያን ክልከላ ማውገዝ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አላወግዘውም። ወንዝ ሲደርቅ ዝም ብሎ የሚያይ መንግሥት የባሰ ነው። የሚከብደኝ ከክልከላው በኋላ የሚመጣው የሕሊና ዕረፍት ነው። ጲላጦስ እጁን ሲታጠብ ውኃው እውነተኛ ውኃ ነበር፤ እጁም በእርግጥ ታጥቧል። ችግሩ የተፈረደበት ሰው ሌላ ቦታ ላይ መሆኑ ነው።

*

«ታዲያ መፍትሔው ወረቀት ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ከሰሉ ከየት እንደመጣ የሚመሰክር ማረጋገጫ ይኑረው፤ ሕጋዊው ይለፍ፣ ሕገወጡ ይያዝ። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር፣ የሶማሊያን ነገር እስካነብ።

በየካቲት 2012 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 2036 ከሶማሊያ ከሰል መላክንም፣ የሶማሊያን ከሰል መግዛትንም ከለከለ። ከሰሉ የደቡብ ሶማሊያ ግራር ነው። ከኪስማዮና ከባራዌ እየተጫነ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይሄድ ነበር፤ ለሥጋ ጥብስና ለሺሻ። አልሸባብ ከእያንዳንዱ ማዳበሪያ ቀረጥ ይሰበስብ ስለነበር ነው ነገሩ እስከ ኒው ዮርክ የደረሰው። ግራሩ ራሱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ማንም ስብሰባ አይጠራለትም ነበር፤ ይህን ልብ በሉልኝ። በዚያው ዓመት ኪስማዮ ከአልሸባብ እጅ ወጣች። ከሰሉ ግን መጫኑን አላቆመም፤ ገንዘቡን የሚካፈሉት እጆች ናቸው የተለወጡት።

እና ወረቀቱስ? ወረቀት ነበረው! የተመድ መርማሪዎች ያገኟቸው ሐሰተኛ ማረጋገጫዎች ከሰሉ የኮሞሮስ ነው፣ የጋና ነው፣ የአይቮሪ ኮስት ነው ይሉ ነበር። ኮሞሮስን በካርታ ላይ ፈልጓት፤ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያሉ ጥቂት ትንንሽ ደሴቶች ናት። ያን ሁሉ ከሰል በእርግጥ ብታመርት ኖሮ አንድ ቁጥቋጦ እንኳ አይቀራትም ነበር። ወረቀቱን የተቀበለው የወደብ ሠራተኛም፣ ከሰሉን የገዛው ነጋዴም ይህን ማወቅ አያቅታቸውም። «የማን ዛፍ ነው?» ተብሎ ተጠየቀ፣ መልስ ተሰጠ፣ ማኅተም ተመታበት፣ መልሱም ውሸት ነበር። ያንን ፍም በማንደጃ አቀጣጥላ ለአሠሪዋ እንግዶች ያቀረበችው ምናልባት ከጅማ ወይም ከወሎ የሄደች እህታችን ትሆናለች። የእሷን ድርሻ እንዴት ነው የምንለካው?

አይሪስ ማሪየን ያንግ የምትባል አሜሪካዊት ፈላስፋ በዚህ ጉዳይ ላይ ጠቃሚ ነገር ትታልናለች። በ2006 ነው የሞተችው፤ ስለ ፍትሕና ኃላፊነት የጻፈችው የመጨረሻ መጽሐፏ ከሞተች በኋላ በ2011 ታተመ። እሷ የተነሳችው ከልብስ ነው። ሩቅ አገር፣ ክፉ ፋብሪካ ውስጥ የተሰፋ ቲሸርት የለበሰ ተማሪ ጥፋተኛ ነው? አይደለም ትላለች፤ ማንንም አልበደለም። ነፃ ነው? እሱንም አይደለም ትላለች። ጥፋተኝነት ወደ ኋላ ያያል፣ ማን እንዳደረገው ይፈልጋል። ኃላፊነት ግን ወደ ፊት ያያል፤ በዚህ ሥርዓት ውስጥ እጅህ አለበትና ሥርዓቱን ለመለወጥ ከሌሎች ጋር ሆነህ ምን ታደርጋለህ ይላል። ድርሻውም እኩል አይደለም። አቅም ያለው፣ የሚጠቀመው፣ ተደራጅቶ ድምፅ ማሰማት የሚችለው የበለጠ ይሸከማል።

ይህን ልዩነት የወደድኩት ስለሚያሳርፈኝ አይደለም። እናቴን ከጥፋተኝነት ነፃ አውጥቶ እኔን ስለማይለቀኝ ነው።

*

አሁን ደግሞ እምብዛም ስለማይወራ አንድ ነገር። ከጅግጅጋ በስተደቡብ ምሥራቅ ቀብሪ በያህ የሚባል ከተማ አለ፤ አጠገቡም በ1991 የተከፈተ የሶማሌ ስደተኞች መጠለያ አለ። በአካባቢው እንጨት እየራቀ ሄደ። ሴቶቹ ለአንድ ሸክም ጭራሮ ብዙ ሰዓት ይጓዙ ነበር፤ መንገድ ላይ ይደበደባሉ፣ ይደፈራሉ። የአካባቢው ነዋሪም «ዛፋችንን ጨረሱብን» ብሎ ይነሳባቸዋል፤ እውነቱን ነው፣ ዛፉ የእሱ ነበራ። እዚህ ላይ «የእግዜር ነው» የሚል መልስ አያዋጣም። ሁለቱም ወገን ድሃ ነው፣ ሁለቱም ወገን ማሰሮ አለው፣ ዛፉ አንድ ነው።

በ2000ዎቹ አጋማሽ ጋያ የተባለ ማኅበር ከተመድ የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ጋር ሆኖ ለስደተኞቹ የኢታኖል ምድጃ ማደል ጀመረ። ኢታኖሉ የሚመጣው ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ነው። ፊንጫ አገሪቱን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያቋርጡ ማለት ነው፤ ከአባይ ተፋሰስ ሸለቆ ተነስቶ እስከ ሶማሌ ክልል ድረስ። ስኳሩ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው ጥቁር ሞላሰስ ነው ተብላልቶና ተጣርቶ ኢታኖል የሚሆነው። እስቲ ሥዕሉን አስቡት፦ ከሞቃዲሾ ወይም ከኪስማዮ አካባቢ የተሰደደች ሴት፣ በኢትዮጵያ መሬት ላይ፣ በሆሮ ጉዱሩ ሸንኮራ ዝቃጭ ሩዟን ታበስላለች። ጭስ የለም። ጫካ መሄድ የለም። የቀብሪ በያህ ሰው ግራርም አልተነካም። የአካባቢ አገሮች የባዮኢነርጂ ገበያ ሲባል እኔ መጀመሪያ የሚታየኝ ይህ ነው። በትክክል ገበያ እንኳን አልነበረም፣ እርዳታ ነው። ግን «የማን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነበረው። ሸንኮራው የታወቀ፣ ፋብሪካው የታወቀ፣ ሊትሩ የተለካ ነው።

ከዚያ 2008 መጣ። የዓለም ነዳጅ ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበር። በአዲስ አበባ በቤንዚን ውስጥ አምስት በመቶ ኢታኖል መቀላቀል ተጀመረ፤ በ2011 ወደ አስር በመቶ ከፍ አለ። የኢታኖሉ ምንጭ ያው ፊንጫ ነው፣ በኋላ መተሐራም ተጨመረ። አሁን አንድ ሊትር ኢታኖል ሁለት ጠያቂ አለው። አንዱ የመኪና ታንከር ነው። ሌላው የስደተኛዋ ማሰሮ።

ለታንከሩ መከራከር ይቻላል። የውጭ ምንዛሪ የሌለው አገር የሚያስገባው ነዳጅ በእያንዳንዱ ሊትር ላይ መድኃኒትና ማዳበሪያ ይሻማል። ማላዊን ውሰዱ፤ ባሕር በር የላትም፣ ሞዛምቢክ ውስጥ በነበረው ጦርነት ምክንያት የወደብ መንገዷ ይዘጋባት ነበር። በሐይቋ ዳር በድዋንግዋ ከሚመረተው ሞላሰስ ኢታኖል እያወጣች ከ1982 ጀምሮ ከቤንዚን ጋር ትቀላቅላለች። ይህን ቅንጦት ልል አልችልም። ግን ታንከሩና ማሰሮው ገበያ ላይ ሲገናኙ ማን እንደሚያሸንፍ ሁላችንም እናውቃለን። ገበያ የሚሰማው የሚከፍልን ሰው ድምፅ ነው። የማይከፍለው ሰው ቢጮህም ለገበያው ዝም እንዳለ ይቆጠራል። ሱዳን በ2009 በነጭ አባይ ዳር በከናና በዓመት 65 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም ያለው የኢታኖል ፋብሪካ ስትከፍት፣ ወደ ውጭ የተላከው ኢታኖል ወደ አውሮፓ ነው የሄደው። በሱዳን በራሷ፣ በቻድ፣ በኢትዮጵያ፣ በደቡብ ሱዳን ሚሊዮን ማሰሮዎች በጭራሮ ላይ ተጥደው እያለ ማለት ነው። ከናናን አልፈርድባትም። ነጋዴ ናት፣ ከፋዩ ጋ ሄደች።

በዚያው ሰሞን እኛም አገር «አረንጓዴ ወርቅ» እየተባለ ስለ ጃትሮፋና ስለ ጉሎ የተወራውን ታስታውሱ ይሆናል፤ ካልደረሳችሁበት ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። በ2007 የባዮፊውል ስትራቴጂ ወጣ፣ ኩባንያዎች ጎረፉ፣ መሬት ተሰጠ። ከተሰጠው መሬት ውስጥ ከባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ጋር የተደራረበ ነበር። አብዛኛው ፕሮጀክት ምንም ሳያፈራ ከሰመ። ስለዚያ ብዙ አልልም፤ አንድ ነገር ብቻ። ያኔም «የማን መሬት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የተሰጠው መልስ «ባዶ መሬት ነው» የሚል ነበር። ያቺ ሻጭ ከሰጠችኝ መልስ በምን ይለያል? በእሷ መልስ ውስጥ ቢያንስ እግዜር አለበት።

*

እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ የሚያሳዝን ነው። ስለዚህ ወደ አዊ ልውሰዳችሁ፣ ወደ ፋግታ ለኮማ ወረዳ። መሬቱ አሲዳማ ነው፤ ገበሬው ለፍቶ የሚያገኘው ምርት ትንሽ ነበር። ሰዉ ዲከረንስ የሚባለውን ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘር መትከል ጀመረ፤ በእርሻው ላይ፣ በራሱ ማሳ ላይ። አሠራሩን ስሰማ በጣም ነው የገረመኝ። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር አብሮ ይዘራዋል፤ ጤፉን ያጭዳል። በሚቀጥሉት ዓመታት ከዛፉ ሥር ሣር ያጭድና ለከብቱ ይሰጣል። በአራተኛው በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ይቆርጥና እዚያው ማሳው ላይ ያከስለዋል። ከዚያ እንደገና ጤፍ ይዘራል፤ ዛፉ ናይትሮጂን ለአፈሩ ስለሚሰጥ፣ ቃጠሎውም የመሬቱን አሲድ ስለሚያበርድ ምርቱ ይሻላል። መሬት የሌለው ወጣት በቆረጣው፣ በማክሰሉ፣ በመጫኑ የቀን ሥራ ያገኛል። ከሰሉ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል። ወረዳውን ከላይ ብታዩት፣ ከሰል እየተሸጠ የዛፉ ሽፋን ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ለምን? ዛፉ ባለቤት ስላለው ነው። «የማን ነው?» ብትሉ ስሙ ይነገራችኋል፤ አባቱም፣ የቀበሌውም ስም። ሊሸጥም ይችላል፣ «ዘንድሮ አልሸጥም» ማለትም ይችላል። ይህ ሁለተኛው ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። የአቾሊ ሴት ሺያዋን «አልሸጥም» የምትልበት ቦታ አልነበራትም፤ ማንም አልጠየቃትማ። ነጋዴው ከሩቅ ከተማ መጣ፣ ከአንዱ ጎልማሳ ጋር ተስማማ፣ ለመጋዝ ሞተር ቤንዚን ገዛ፣ በቃ።

እንዲህ ብዬ ልጨርስ ብፈልግ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገሩ ግን አላለቀም። ከ2020 ገደማ ጀምሮ ዲከረንሱን በሽታ ገባበት። ቅጠሉ እየዛገ ዛፉ እየደረቀ ሄደ፤ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ በተተከለበት ምድር በሽታ መቆሚያ የለውም። ማሳውን ሁሉ ለዛፍ የሰጠ ገበሬ እህል እየገዛ ሲበላ ከሰነበተ በኋላ እህል መግዣውን አጣ። አዲስ አበባ ላይ ሆነን «ጥሩ ከሰል» ብለን የምናወድሰው ከሰል ውስጥም የሆነ ሰው የተበላ ቁማር አለበት።

*

ኢትዮጵያ ለጎረቤቶቿ ኤሌክትሪክ ትሸጣለች፤ ለጅቡቲ ከ2011፣ ለኬንያ ከ2022 ጀምሮ፤ ለሱዳንም ስትሸጥ ቆይታለች። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋው መስመር በሁለቱም ጫፍ ቆጣሪ አለው። ስንት እንዳለፈ፣ በስንት እንደተሸጠ፣ ስንት ዓመት እንደሚቆይ በውል ተጽፏል። ያንኑ መስመር ተከትሎ ድንበር የሚሻገር ማዳበሪያ ከሰል ግን ቆጣሪ የለውም። ከሁለቱ የትኛው ነው ብዙ ማሰሮ የሚያፈላው? ከአስር የኢትዮጵያ ቤት ዘጠኙ ግድም እስከዛሬ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው። ትልቁ ገበያ ያልተቆጠረው ነው።

የጋራ ገበያ ይኑር የሚሉትን የምደግፋቸው ለዚህ ነው፤ ግን እነሱ በሚሉት ቅደም ተከተል አይደለም። እነሱ የሚጀምሩት ከድንበሩ ነው። ቀረጥ ይቀነስ፣ ደረጃ ይውጣ፣ መኪና ይለፍ ይላሉ። እኔ ከዛፉ ሥር ጀምሩ ባይ ነኝ። መጀመሪያ ዛፉ የሚያናግር ባለቤት ይኑረው፤ ገበሬ ይሁን፣ ጎሳ ይሁን፣ የሴቶች ማኅበር ይሁን። እምቢ ማለት የሚችል ባለቤት። ከዚያ ዛፉ ራሱ ዋጋ ይኑረው። ከዚያ ድንበሩን ክፈቱት። የኮሞሮሱ ወረቀት ውሸት የሆነው ወረቀት በመሆኑ አይመስለኝም። ከወረቀቱ በስተጀርባ «ይሄ የእኔ ነው፣ አልሸጥኩትም» ብሎ የሚጮህ ሰው ስላልነበረ ነው፣ ወይም ያ ሰው በጠብመንጃ ዝም ስለተባለ።

ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ዛፉ ዋጋ ሲኖረው ያ ዋጋ የሚጨመረው ማን ላይ ነው? ሻጯ ላይ፣ ከዚያ እናቴ ላይ። እናቴ ቢያንስ ማዳበሪያ ሙሉ ትገዛለች። በጣሳ የምትገዛው ጎረቤታችንስ? ለአቾሊዋ ሴት ፍትሕ ሲሆን ለናይሮቢ ኪቤራ ነዋሪ እራት መዝለል ይሆናል። ሀብታሙ ሰውዬ ጋዝ አለው፣ ኤሌክትሪክ አለው፤ የዛፍ ዋጋ አይነካውም። ድሃ ከድሃ ሲገዛ ፍትሐዊ ዋጋ ማለት አንዱን ድሃ ከፍሎ ሌላውን ማስከፈል ነው። የፍትሐዊ ንግድ ማኅተም ያለበት ቡና ሲሸጥ ልዩነቱን የሚከፍለው የስቶክሆልም ሰው ነው፤ ለከሰል ግን ስቶክሆልም የለም።

ለዚህ መልስ አለኝ ብዬ አልዋሽም። ያለኝ ግማሽ መልስ ነው። ልዩነቱን መክፈል ያለበት ከዚህ ገበያ ብዙ የሚያገኘው፣ ግን እስካሁን አንድም ጊዜ ዋጋ ተጠይቆ የማያውቀው መሃል ያለው ነው፤ አከፋፋዩ፣ የኬላው ሰው፣ ከኢታኖሉ ታንከሩን የሚያስቀድመው መንግሥት። ከየሊትሩ መጀመሪያ የማሰሮው ድርሻ ይውጣ፣ የተረፈው ወደ መኪናው ይሂድ ቢባል ልዩነቱ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ይታወቃል፤ ከእኛ ኪስ ነው፣ መኪና ካለን ወይም ታክሲ ከምንሳፈር ሰዎች። የታክሲ ታሪፍ አንድ ብር ሲጨመር ምን እንደምንል ደግሞ ራሳችንን እናውቀዋለን።

ባለፈው ወር ከእናቴ ጋር ወደዚያችው ሻጭ ሄድን። ሁለት ዓይነት ማዳበሪያ አሰልፋለች።

«ይሄኛው ከቆላ የመጣ ነው፣ ንጹሕ ግራር» አለች። «ያኛው የአገው ምድር ነው፣ ገበሬ የተከለው። ትንሽ ወደድ ይላል፤ ዛፉ በበሽታ እያለቀ ነው አሉ።» ከዚያ እኔን አየችኝና ሳቀች። «ያንተ ነው ይሄኛው፤ ባለቤት አለው!»

እናቴ ከሁለቱም ስባሪ አወጣች። የቆላውን አጋጨችው፤ እንደ ሸክላ አቃጨለ። የአገው ምድሩን አጋጨችው፤ ዱብም አላለም፣ እንደዚያኛውም አላቃጨለም። እኔን አየችኝ። ቦርሳዋን አየች።

«ልዩነቱን አንተ ትከፍላለህ?» አለችኝ።